በአንድ ፓውንድ የተገዛችው መርከብ

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት መርከብ ነው። ስሟ ዌቨርሊ ይባላል። አገሯ ስኮትላንድ፣ ከተማዋም ግላስጎው ነው። ዓመቶቹን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

ዌቨርሊ በእንፋሎት ትሄዳለች። በግራና በቀኝ ጎኗ ውሃውን የሚቀዝፉ ሁለት ትልልቅ መዘውሮች አሏት። እንዲህ ያሉ መርከቦች በሐይቅና በወንዝ ላይ ዛሬም ይገኛሉ። በባሕር ላይ መንገደኛ ይዛ የምትጓዝ ግን በዓለም የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ታዲያ ሌሎቹ ሁሉ ሲጠፉ እሷ እንዴት ቀረች? ማንስ አቆያት?

እስቲ ታሪኩን ከመነሻው እንያዝ። ከእሷ በፊት በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ መርከብ ነበረች። የተሠራችው በ1899 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጦር ሥራ ተወሰደች። በ1940 የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወታደሮች በፈረንሳይ ጠረፍ፣ ደንከርክ በሚባል ቦታ ተከበቡ። መርከቧ ወታደሮቹን አሳፍራ ስትመለስ የጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉባት። መርከቧ ሰጠመች፤ ብዙ ሰውም አለቀ።

የዛሬዋ ዌቨርሊ የዚያች ምትክ ናት። ያሠራት አንድ የባቡር ኩባንያ ነው። ባቡሩ ሕዝቡን እስከ ባሕሩ ዳር ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መርከቧ ትቀበላለች። በ1946 ከመሥሪያዋ ወደ ውሃ ወረደች። በ1947 ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 73 ሜትር ያህል ነው።

አሁን ደግሞ ኃይሏ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ድስት ጥዳችሁ ታውቃላችሁ። ውሃው ሲፈላ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ክዳኑን የሚያነሣው ማነው? እንፋሎቱ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ይገፋል። የመርከቧም ጉልበት ይኸው ነው።

በመርከቧ ሆድ ውስጥ ውሃ የሚፈላባቸው ሁለት ትልልቅ ጋኖች አሉ። ቦይለር ይባላሉ። ከብረት የተሠሩና የታፈኑ ናቸው። ድሮ የሚነደው የድንጋይ ከሰል ነበር። ሰዎች በአካፋ እየዛቁ እሳቱን ይቀልቡት ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን የሚነደው ዘይት ነው። ልብ በሉ፤ በመኪና ውስጥ ነዳጁ የሚቃጠለው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ነው። በዚህች መርከብ ግን ነዳጁ ውሃ ያፈላል እንጂ ሞተሩን ራሱ አይነካውም።

እንፋሎቱ ከቦይለር በቧንቧ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ሞተሩ ሦስት ሲሊንደሮች አሉት። ሲሊንደር ማለት ክብ የብረት በርሜል ነው። በውስጡ ፒስተን የሚባል ክብ ብረት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። እንፋሎቱ መጀመሪያ ወደ ትንሹ ሲሊንደር ይገባና ፒስተኑን ይገፋል። ከዚያ ጉልበቱ ሳያልቅ ወደ መካከለኛው ያልፋል። በመጨረሻም ወደ ትልቁ ይሄዳል። አንዱ እንፋሎት ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። እንፋሎቱ ባለፈ ቁጥር እየደከመና እየሰፋ ስለሚሄድ፣ የሚቀበለውም ሲሊንደር የዚያኑ ያህል መስፋት አለበት።

ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ደግሞ አይጣልም። ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ በውስጣቸው በሚያልፍባቸው ቧንቧዎች አጠገብ ሲያልፍ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ያው ውሃ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። መርከቧ በባሕር ላይ እያለች የባሕሩን ውሃ ለምን አታፈላም? ብትሉ፣ ጨው ስላለበት ነው። ጨዉ ቦይለሩን ከውስጥ ይለብጠዋል፤ ይበላዋልም።

የፒስተኖቹ ምልልስ አንድ ወፍራም የብረት ዘንግ ያዞራል። በዘንጉ ሁለት ጫፍ መዘውሮቹ አሉ። በየመዘውሩ 8 የእንጨት መቅዘፊያዎች ተደርድረዋል። የውሃ ወፍጮ ያያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። በወፍጮው ውሃው መዘውሩን ይገፋል። እዚህ ግን መዘውሩ ውሃውን ይገፋል፤ መርከቧም ወደፊት ትሄዳለች። የሞተሩ ጉልበት 2,100 የፈረስ ጉልበት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመንዳቱ ጉዳይ ነው። ካፒቴኑ የሚቆመው ከላይ ነው። ሞተሩ ያለው ከታች ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን በእጁ አይነካም። ታዲያ እንዴት ያዝዛል? በአጠገቡ ሰዓት የመሰለ ክብ የነሐስ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ ቃላት ተጽፈዋል። “ወደፊት”፣ “ወደኋላ”፣ “በቀስታ”፣ “በግማሽ”፣ “በሙሉ”፣ “ቁም” የሚሉ ናቸው። ካፒቴኑ እጀታውን ወደሚፈልገው ቃል ያዞራል። ከታች በሞተር ክፍሉ ደወል ይጮኻል፤ በዚያ ባለው ሰሌዳም ቀስቱ በዚያው ቃል ላይ ይቆማል። ባለሞተሩ ቃሉን ያነባል። እሱም የራሱን እጀታ በዚያው ቃል ላይ አድርጎ “ሰምቻለሁ” ይላል። ከዚያ የእንፋሎቱን መክፈቻ በእጁ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። አያችሁ? አንድ ቃል በትክክል ሲነበብ 2,100 የፈረስ ጉልበት ይታዘዛል።

ይሁን እንጂ ሥራው ቀላል አይደለም። ሁለቱ መዘውሮች በአንድ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ማዞር አይቻልም። ስለዚህ መርከቧ ባለችበት መዞር አትችልም። አቅጣጫ የሚያስይዛት በስተኋላ ያለው መሪ ነው። መሪው የሚሠራው ደግሞ ውሃ በኃይል ሲያልፍበት ነው። መርከቧ ቀስ ስትል መሪው ይሰንፋል። ወደብ ስትጠጋ ግን ቀስ ማለት አለባት! ካፒቴኑ ነፋሱንና የውሃውን አካሄድ አስቀድሞ መገመት አለበት። በ2020 አራን በምትባል ደሴት ከወደቡ ግንብ ጋር ተጋጭታ ሰዎች ተጎድተዋል። ጥንታዊ መርከብ ናትና ባሕሩ አይምራትም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ማን አቆያት? በ1960ዎቹ ብዙ ሰው የራሱን መኪና ገዛ። መኪና የሚጭኑ አዳዲስ መርከቦችም መጡ። የዌቨርሊ ወጪ በዛ፤ ገቢዋ ቀነሰ። በ1973 ከሥራ ወጣች። ቀጥሎ የሚጠብቃት መሰባበርና ለብረት መሸጥ ነበር።

ያን ጊዜ የቀዛፊ መርከቦች ወዳጆች ማኅበር ተነሣ። በ1974 ባለቤቱ ኩባንያ መርከቧን ለማኅበሩ በአንድ ፓውንድ ሸጠላቸው። ፓውንድ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው። አንድ ፓውንድ ማለት ዋጋ አይደለም፤ ስጦታ ማለት ነው። ግን ስጦታው ዕዳ ነበረው። መጠገኛው፣ ነዳጁ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ከየት ይምጣ? ከሕዝብ ገንዘብ ተሰበሰበ። በጎ ፈቃደኞች ቀለም ቀቡ፤ ዝገት ፋቁ። በ1975 ዌቨርሊ መንገደኞች አሳፍራ እንደገና ሄደች።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። በ2019 ቦይለሮቿ አረጁና ቆመች። 2 ሚሊዮን 300 ሺህ ፓውንድ አስፈለገ። እንደገና ሕዝቡ አዋጣ፤ የስኮትላንድ መንግሥትም ረዳ። አዲስ ቦይለሮች ገቡላትና በ2020 ተመለሰች። ዛሬም እኛ ዘንድ ክረምት በሚሆንበት ወራት፣ እዚያ ሙቀት ስለሆነ፣ በብሪታንያ ጠረፎች ትጓዛለች። መንገደኞቹ በሞተሩ አጠገብ ቆመው ብረቱ ሲመላለስ ያያሉ።

እሷ የተሠራችበት የመርከብ መሥሪያ ግን ዛሬ የለም። በቦታው ሙዚየም ቆሟል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ሲሰበር ወደ ሠሪው ልላክ አይባልም። የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት፤ የሚያውቀውም ለተተኪው ማስተማር አለበት። መርከቧን የገዛው አንድ ፓውንድ ነው። ያኖራት ግን ይህ ቅብብሎሽ ነው።

እናንተም በሰፈራችሁ የቆየ ወፍጮ ወይም የልብስ ስፌት መኪና ይኖራችኋል። እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚጠገን የሚያውቁ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አይጠፉም። በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ፤ አምስት መስመርም ይበቃል። ከዚያ መልሳችሁ አንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ካለ ያርሟችኋል።

በሉ፣ ለሳምንት ሰው ይበለን። ደህና ሰንብቱ።