ሰማይ ላይ ምን ጠፋባት?

ወር በገባ በ16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ተጠምቆ የጨረሰው ነጠላውን አጣፍቶ ይወርዳል፤ ገና የመጣው ቢጫ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይወጣል። በባሕር ዛፉ መካከል ደግሞ ከቁመታቸው የሚረዝም እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ያዘግማሉ። እኔም በአንዱ 16 ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ፣ ቡና የምታፈላ ሴት አጠገብ ድንጋይ ላይ አረፍ አልኩ።

ከጎኔ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጅቷ ጭኗ ላይ የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ አስቀምጣለች። ለፈተናዋ ሊሳሉላት ነው የመጡት። እማማ ሲያዩኝ ሲያዩኝ ቆይተው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ትመስላለህ። እስቲ ይቺን ልጅ ምከርልኝ።»

«ምን አጠፋች እማማ?»

«ሳተላይት እሠራለሁ ትላለች። ምድር ላይ ያለው ሥራ አልቆ ነው? ሰማይ ላይ ምን ጠፋባት?»

ቡና የምታፈላው ሴት ሳቀች። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እማማ ግን አልሳቁም። «እኔ ይሄን ተራራ በጀርባዬ ነው የማውቀው። እንጨት ተሸክሜ ነው እናቷን ያሳደግኩት። አካውንቲንግ ትማርና አንድ ባንክ ቁጭ ትበል ብል ምን አጠፋሁ?» አሉ።

ልጅቷ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ከትምህርት ቤት ወስደውን እዚሁ እንጦጦ ላይ ያለውን ቴሌስኮፕ አይቼዋለሁ። ግን እውነት ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የማልመች ሰው ነኝ። በ1996 ዓ.ም. አንድ መምህር ጓደኛዬ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን ሳለ ከኪሱ አንድ ቅጽ አውጥቶ፣ «የስፔስ ሳይንስ ማኅበር ተቋቁሟል፤ አባል ሁን» ብሎኝ ነበር። እኔም፣ «መጀመሪያ የቧንቧ ውኃ ይምጣልን፣ ከዚያ ጨረቃ ላይ እንወጣለን» አልኩት። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እሱ ቅጹን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ያንን ሳቅ ባስታወስኩ ቁጥር ቡናው ይመረኛል።

እናም ለልጅቷ ከመመለሴ በፊት ወደ እማማ ዞርኩ። «እማማ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ማነው የሚነግርዎት?»

«ካህናቱ ናቸዋ።»

«እነሱስ በምን አወቁ?»

«ቆጥረው ነዋ!»

እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር። በዚህች አገር ሰማይን መቁጠር የተጀመረው በሳተላይት አይደለም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጥ ነበር። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት፣ በምዕራብ በስድስት መስኮቶች ስትመላለስ ይተርካል። ባሕረ ሐሳቡ ደግሞ የፀሐይንና የጨረቃን ጉዞ በ19 ዓመት ያስታርቃል። ግሪካዊው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የደረሰበት ዑደትም ይኸው ባለ 19 ዓመቱ ነው።

ልጅቷን ደብተርሽን አውጪ አልኳት። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን የተመነጠቀችበትን 2012 ዓ.ም. እንያዝ። 5500 ጨምሪበት፤ 7512 ይሆናል። ለ19 ስታካፍዪው 7 ይተርፋል። አንድ ስትቀንሺ 6፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዥተሽ በ30 ስትገድፊ አበቅቴ 6 ይወጣል። 11 የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥባት የቀን ብዛት ናት። ወንበሩን በ19 አባዥተሽ በ30 ስትገድፊ ደግሞ መጥቅዕ 24 ይሆናል። «አሁን አበቅቴና መጥቅዕን ደምሪ።»

«30።»

«በየትኛውም ዓመት ብትሞክሪው 30 ነው።»

እርሳሷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። «11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ ነዋ!» አለች።

እኔ ይህን ቀመር የተማርኩት ከአንድ ጎረቤታችን መሪጌታ ነው። ለምን 30 እንደሚሆን ግን ለማሰብ ዓመታት ፈጅቶብኛል። እሷ ቡናው ሳይቀዳ ደረሰችበት። እማማ ደብተሩን ጎንበስ ብለው አዩትና፣ «ይሄማ የቄሶቹ ቁጥር ነው» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ለስለስ አለ።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ምሕዋር ላከች። ጊዜው የዓለም ሳይንቲስቶች ምድርንና ከባቢዋን በአንድነት ለማጥናት የተስማሙበት «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ነበር። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ለጥናቱ የምትፈለግ ቦታ ነበረች። ስለዚህ በዚያው ሰሞን ፒየር ጉዋን በተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ መሪነት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ሰው ሠራሽ ጨረቃ ገና እንደ ተአምር በሚወራበት ዘመን እዚህ ከተማ ውስጥ የምድርን መግነጢስ የሚመዘግብ መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ያ ተቋም ሦስት መንግሥታት አልፎ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ከዚያ ደግሞ የዶ/ር ቅጣው እጅጉ ታሪክ ይመጣል። በ1940 ዓ.ም. ከፋ ቦንጋ ተወለዱ። በሶቪየት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተማሩ። ከዚያ ጃፓን፣ ከጃፓን አሜሪካ። እዚያም በናሳና በሮክዌል ኩባንያ የጠፈር መንኮራኩርና የሳተላይት ሥርዓቶች መሐንዲስ ሆነው ሠሩ። በ1998 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ አረፉ። ልብ በሉ፣ ባሕር ዳር ሲገቡ «የኅዋ ምሕንድስና» የሚባል ክፍል አልነበረም። የያዙት ሒሳብና የመካኒክ እጅ ነበር። አገሪቱም ያን ሁሉ ዕውቀት የምትቀበልበት አንድ ወርክሾፕ እንኳ አልነበራትም።

እንግዲህ እኔ የሳቅኩበት ማኅበር በ1996 ዓ.ም. ሲቋቋም መሥራቾቹ 47 ነበሩ። እንደ ዶ/ር ለገሠ ወትሮ ያሉ የፊዚክስ ምሁራን ነበሩበት። ሰዉ ግን «የእብዶች ማኅበር» አላቸው። የ1977ቱ ረሃብ ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበርና «መጀመሪያ እንጀራ» የሚለው ክርክር የማይረታ ይመስል ነበር። እነሱ ደግሞ፣ ድርቁን አስቀድሞ የሚያይ ዐይን ካጣን እንጀራውስ ከየት ይመጣል ይላሉ። ሁለቱም ወገን ስለ እንጀራ ነበር የሚከራከረው። እኛ ግን እንደዚያ አልሰማነውም።

እብዶቹ ዝም አላሉም። በየትምህርት ቤቱ ክበብ አቋቋሙ። በ2007 ዓ.ም. እዚሁ እንጦጦ፣ ከባሕር ወለል 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ወጪው ከሦስት ሚሊዮን ዶላር ያልፋል፤ አብዛኛውን የሸፈኑት ሼክ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. መንግሥት የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ ሰዎች እዚህ ተራራ ላይ ተሰብስበው ሳተላይታችን ከቻይናው ታይዩዋን ስትመነጠቅ በቀጥታ ሥርጭት አዩ።

ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር። ወጪዋ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን ስድስቱን የከፈለችው ቻይና ናት። የዚያ ሮኬት ዋና ጭነት የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ነበር፤ የእኛዋ በታክሲ ቋንቋ «ትርፍ» ተሳፋሪ ናት። ቢሆንም ወደ ሃያ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በንድፉና በሥራው ተሳትፈዋል። መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነው የተተከለው። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከእሷ የምታንስ ሁለተኛ ተከተለች። የመጀመሪያዋ ስትሠራ የታሰበላት ዕድሜ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ኢንስቲትዩቱም በ2014 ዓ.ም. ከካርታና ጂኦስፓሻል ተቋሙ ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ።

«ታዲያ ምን ልማር?» አለች ልጅቷ፤ ታሪኩ ረዘመባት መሰለኝ።

የኅዋ ሥራ ሲባል ሮኬት ላይ መሳፈር ብቻ ይመስለናል። ሳተላይት የምትሠራው ግን በብዙ ሰው እጅ ነው። አንዱ ሮኬቱ ሲንቀጠቀጥ አካሏ እንዳይሰነጠቅ ያሰላል። አንዱ በመቶ ደቂቃ ገደማ ምድርን ስትዞር ከፀሐይ ወደ ጥላ ስትገባ እንዳትግል፣ እንዳትበርድ ይጨነቃል። ሌላው ባትሪዋን፣ ሌላው ሬዲዮዋን፣ ሌላው የምትታዘዝበትን ሶፍትዌር ይሠራል። ምድር ላይ ደግሞ ፎቶዋን አንብቦ የየትኛው ወረዳ ሰብል እየደረቀ እንደሆነ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሒሳቡን አጥብቀሽ ያዢ፤ ፊዚክሱን በቃል ሳይሆን በእጅሽ እየሠራሽ ልመጂ። ፕሮግራም መጻፍ ዩኒቨርሲቲ እስክትገቢ አትጠብቂ። ከዚያ ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል፣ ሶፍትዌር፣ ፊዚክስ ወይም የካርታና የሪሞት ሴንሲንግ ትምህርት፤ የትኛውም በር ያስገባል። በሩ ቢዘጋ እንኳ ያው ሒሳብ በቴሌኮም፣ በካርታ ሥራና በግብርና መረጃ እንጀራ ያበላል። የድርቅ መድን የሚሸጡ ድርጅቶች እንኳ ዛሬ የሳተላይት መረጃ ይጠቀማሉ።

እማማ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ደመወዙስ?» አሉ።

ይህንን ጥያቄ በትልልቅ ስብሰባ ላይ የሚጠይቅ አልሰማሁም። መልሱን መሸፋፈን ግን ነውር ነው። «የመንግሥት ደመወዝ ነው እማማ። ከባንክ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ቦታውም ጥቂት ነው» አልኳቸው። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

በዚህ መሐል ቡናው ቀረበ። እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሳተላይቷ በተመነጠቀችበት በዚያው ሳምንት ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም የሰጠውን ስም ይፋ አድርጎ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነው ኮከብ የሚገኘው በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ነው፤ አንድሮሜዳ ደግሞ በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ኮከቡን «ቡና» አልነው፤ የምትዞረውን ፕላኔት «አቦል»። ይህን ስነግራቸው እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። «ቶናና በረካስ?»

«እነሱ ገና አልተሰየሙም እማማ።»

«አቦል ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ ደግ አይደለም» አሉ።

ወዳጆቼ፣ የእኛ የኅዋ ታሪክ ይኸው ነው። ጥሩ አቦል እናፈላለን። እንጨበጨባለን። ከዚያ ነጠላችንን አጣፍተን እንነሣለን። ቅጣው እጅጉን አስተምረን ለሌላ አገር አበረከትን። የ47ቱን እብዶች ቅጽ ሳቅንበት። ሳተላይቷን ንጋት ላይ ወጥተን አየናት፤ የሁለት ዓመት ዕድሜዋ ሲያልቅ ግን ስንቶቻችን ጠየቅን? ባሕረ ሐሳብ እስከ ዛሬ የቆየው ብልህ ሰው አንድ ጊዜ ስላገኘው አይደለም። ቁጥሩን ለሚቀጥለው ተማሪ የሚያስተላልፍ መምህር፣ ለመምህሩም ድርጎ የሚሰፍር ሰው በየዘመኑ ስለተገኘ ነው። የጂኦፊዚክሱ ተቋም ሦስት መንግሥት ያለፈውም በየትውልዱ መሣሪያውን የሚያነብ ተማሪ ስለተተካ ነው። ተማሪ ልቡን ያዘጋጃል፤ ወንበሩን ማዘጋጀት ግን የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው።

እማማ የመጨረሻዋን ስኒ ሲጨርሱ ልጅቷን ተመርኩዘው ተነሡ። «እንግዲህ ትማረው። ለኪዳነ ምሕረት የምሳለው ግን ባንክም እንዳይቀርባት አድርጌ ነው» አሉኝና ቁልቁለቱን ተያያዙት። ልጅቷ ጥቂት እንደሄደች ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ የ2018ን ሠራሁት፤ ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18!» አለችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ልክ ናት።

ማታ ያንን መምህር ጓደኛዬን ስልክ ደወልኩለት። ቅጹ ይኖር እንደሆነ ልጠይቀው።