ሥዕሎቹ የት ሄዱ?

ዛሬ የምጽፈው የይቅርታ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ታሪክ ሳላወራ እንደማልለቃችሁ ግን ታውቃላችሁ።

ሰሞኑን አንዲት ተማሪዬ ራሷ የሠራችውን የፈተና መለማመጃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛ መጣች። ቤት በደንብ ይሠራል አለች። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ግን አንድም ሥዕል የለም። የፕሮጀክቱን ሴቲንግ ከፍቼ ሳየው፣ የሥዕሎቹ አድራሻ ከ«ሲ» ድራይቭ ተነስቶ፣ በወንድሟ ስም በተከፈተው ፎልደር አልፎ፣ እስከ ዴስክቶፕ ድረስ ተጽፏል። እኛ ኮምፒውተር ላይ የወንድሟ ስም ከየት ይምጣ? ሥዕሎቹ እኮ እዚያው ፍላሹ ላይ፣ ከፕሮግራሙ አጠገብ ቁጭ ብለዋል!

የዚህ ችግር መፍትሔ በዕድሜ እኔን ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮበርት ዴሊ እና ፒተር ኒውማን መልቲክስ ለተባለው ሲስተም የፋይል አደረጃጀት ሲነድፉ፣ ፎልደር በፎልደር ውስጥ እንዲቀመጥ አደረጉ። የአንድን ፋይል አድራሻ ከዛፉ ሥር ጀምሮ መጻፍ ይቻላል፤ «አሁን ካለሁበት» ብሎ መነሳትም ይቻላል። ይሄ ሁለተኛው ነው አንጻራዊ አድራሻ የምንለው። እኛ ሰው ስንመራ «ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ» እንደምንለው ማለት ነው።

ቤል ላብስ በ1969 ከመልቲክስ ሲወጣ እነ ኬን ቶምፕሰን እና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ጀመሩ። የሚገርመው፣ ፒዲፒ-7 ላይ የነበረው የመጀመሪያው ዩኒክስ ረጅም አድራሻ አይቀበልም ነበር፤ ያለህበት ፎልደር ውስጥ ያለውን ስም ብቻ ነው የምትሰጠው። በእዝባር እየተለየ የሚጻፈው አድራሻ የመጣው በኋላ ነው። ከዚያ «.» እዚሁ፣ «..» ደግሞ አንድ ፎልደር ወደ ላይ ማለት ሆነ።

በ1981 የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስ ጭራሽ ፎልደር አልነበረውም። በ1983 ሁለተኛው እትም ፎልደር ሲያመጣ፣ እዝባሩ ለትእዛዝ አማራጮች ተይዞ ስለነበር ወደ ኋላ ያጋደለውን መረጡ። (ዊንዶውስ ላይ የጻፋችሁት አድራሻ ሊኑክስ ላይ ሲደናቀፍ የምታዩት ከዚህ የተነሳ ነው። በእኔ ግምት የአርባ ዓመት ራስ ምታት!) ድረ ገጾችም ይህንኑ አንጻራዊ አጻጻፍ ወረሱ፤ በ1995 ሮይ ፊልዲንግ ደንቡን ለብቻው ጻፈው።

አሁን ወደ ዕዳዬ። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ፕሮጀክታችሁ ሥዕል አላሳይ ሲል «ፋይሉን ሳትይዙ መጣችሁ» ብዬ ማርክ የቀነስኩባችሁ አላችሁ። አንዳችሁ «ቲቸር፣ ይኸው ፎልደሩ!» ብሎ እያሳየኝ እንኳ አልሰማሁትም። አድራሻውን ከፍቼ ማየት የእኔ ሥራ ነበር። ይቅርታ።

ልጅቷ ከ«ሲ» እስከ ዴስክቶፕ ያለውን አጥፍታ የሥዕሎቹን ፎልደር ስምና የፋይሎቹን ስም ብቻ አስቀረች። ፍላሹን ነቅላ ጥግ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ሥዕሎቹ አንድም ሳይቀሩ መጡ።