ነውሩ የማን ነው? ከጳንጦስ እስከ እንጦጦ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየካ ክፍለ ከተማ የምንኖር ምእመናን ወደ ሰሜን ቀና ስንል የምናየው የእንጦጦን ተራራ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ስለጫኑ ተራራው በታሪክ መጻሕፍት በንግሥና ይታወሳል። ብዙ ሕዝብ ግን የሚያውቀው በጠበሉ ነው። ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ሕሙማን በዙሪያው ቤት ተከራይተው ይጠመቃሉ። ከእነርሱም መካከል በጦርነት ጊዜ በኃይል የተደፈሩና ቁስላቸውን ለማንም ያልነገሩ እኅቶች ሊኖሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለችውን እኅት ቤተ ክርስቲያን በጥንት ዘመን እንዴት ተቀበለቻት? እኛስ እንዴት እንቀበላት?

የጳንጦስ መልእክት

በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጎት የተባሉ ነገዶች በጥቁር ባሕር ዳርቻ የምትገኘውን ጳንጦስን ወረሩ። ከተሞች ተዘረፉ፣ ክርስቲያኖች ተማረኩ፣ ሴቶች ተደፈሩ። ምርኮኞች ሲመለሱ በአብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ጥያቄ ተነሣ። የኒዮቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ገባሬ ተአምራትም ለአንድ ወንድም ጳጳስ የቀኖና መልእክት ጻፈ።

መልእክቱ ገና በመጀመሪያው ክፍል ስለ ተደፈሩት ሴቶች ይናገራል። መሠረቱ ዘዳግም ምዕራፍ 22 ነው። በሜዳ ተይዛ የጮኸችና የሚያድናት ያጣች ብላቴና ምንም በደል እንደሌለባት ሕጉ ይመሰክራል፤ የደረሰባትንም ሰው በባልንጀራው ላይ ተነሥቶ ከሚፈጽመው ግድያ ጋር ያመሳስለዋል። የተገደለ ሰው ስለ መገደሉ እንደማይጠየቅ፣ እርሷም አትጠየቅም። የመልእክቱ ከባድ ቃል የወረደው በሌሎች ላይ ነው፤ የወገናቸውን ንብረት በዘረፉት፣ ከወራሪው ያመለጡትን ይዘው ባስቀሩት፣ ከጠላት ጋር ተሰልፈው መንገድና ቤት ባመለከቱት ላይ።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ የሴቲቱን የቀደመ ሕይወትም ይመለከት ነበር። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ብያኔውን ያለዚህ ቅድመ ሁኔታ ደነገገው፤ በኃይል የሆነ መደፈር ተጠያቂነት የለበትም፣ ጌታዋ የደፈራት ባሪያ እንኳ ንጽሕት ናት አለ። ቅዱስ ባስልዮስ የጎርጎርዮስን ትምህርት የተማረው ከአያቱ ከቅድስት ማክሪና መሆኑን ራሱ ጽፏል። አባቶች የጻፉትን ትምህርት ጠብቃ ለልጅ ልጅ ያደረሰች ሴት ነበረች።

ዝም በዪ የተባለችው ትዕማር

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የዳዊት ልጅ ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ተደፈረች። አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀዳ፣ እየጮኸች ወጣች። አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት፤ ንጉሡ ተቆጣ፣ ነገር ግን አልፈረደም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን በበቀል አስገደለው። መጽሐፉ ስለ ትዕማር የሚነግረን ግን በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና መቀመጧን ነው። የቤተሰቡ ዝምታም ሆነ የወንድሟ በቀል ቁስሏን አልፈወሰም።

በእኛ ዘመን

ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በዘለቀው ጦርነት የጳንጦስ መከራ በአገራችን ተደገመ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በትግራይ ያካሄዱት የጋራ ምርመራ ሁሉም ወገኖች ጥሰት መፈጸማቸውን፣ የቡድን መድፈርም መኖሩን አረጋግጧል። በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር በነፋስ መውጫ ከተማ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ስለሆነው ደግሞ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ካነጋገራቸው 16 ሴቶች 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን ተናግረዋል። ሆስፒታሉ ስለተዘረፈ የሚያስፈልጋቸውን ሕክምና በቦታው አላገኙም። የአንዲት እናት እንባ ከየትኛውም ወገን ቢሆን በእግዚአብሔር ፊት አንድ ነው፤ እያበላለጥን ልናለቅስ አይገባንም።

እንጦጦ ያስተማረን

ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን ብዙ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ጠበል ወጡ። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ አስተማሩ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸውና።

ይህ ትምህርት ዛሬ ሕይወት ያድናል። የተደፈረች ሴት ኤች አይ ቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት መውሰድ አለባት። «መጀመሪያ ሱባዔ ትያዝ» ብሎ ያዘገያት ሰው፣ በጎ አሰብኩ እያለ ይጎዳታል። ሰዓቱ ቢያልፍም ሐኪም ቤት መሄዱ ይጠቅማታል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተጎጂዎች የሕክምና፣ የሥነ ልቡናና የሕግ ድጋፍ በአንድ ማዕከል ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ለተጠቁ ሴቶች መጠለያ ያዘጋጃል።

ከእኛ የሚጠበቀው

አንዲት እኅት ምሥጢሯን ብትነግረን እንስማት፣ እንመናት። ለምን አልሸሸሽም፣ ለምን አልጮኽሽም አንበላት። ያለፈቃዷ ታሪኳን ለጉባኤም ለጎረቤትም አናውጣ። የንስሐ አባቶችን በትሕትና የምንለምነው አለን፤ ንስሐ የኃጢአት መድኃኒት ነው፣ ባልሠራችው ኃጢአት ቀኖና መስጠት ግን የበዳዩን ዕዳ በተበዳይዋ ላይ መጫን ይሆናል። «ተክሊል አይገባትም» የሚል ሹክሹክታ ስንሰማም ከላይ ያየነውን የአበው ብያኔ እናስታውስ፤ ጉዳዩንም ለአባቶች እንተው።

ከዚህ መከራ የተወለደ ሕፃንም በ40 ወይም በ80 ቀኑ እንደ ማንኛውም ልጅ የሚጠመቅ የሥላሴ ልጅ ነው። ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ነቢዩ ሕዝቅኤል አስተምሯል። ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ሆነን ከጎኑ እንቁም።

ከጠበል ሜዳ በምትመለሰው እኅት ነጠላ ላይ ነውር አንፈልግ። ነውሩ ያለው እርሷ ዘንድ አይደለም። ቅዱሳን አባቶቻችን ይህን ከ1700 ዓመታት በፊት ፈርደው ጨርሰዋል፤ የእኛ ድርሻ ፍርዱን በቤታችንና በአጥቢያችን መኖር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።