ስልኩ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ

«ኔትወርክ የለም» ስንባባል አብዛኛውን ጊዜ ከመናደድ ያለፈ ጉዳት አይደርስብንም። ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት ቦታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሞባይል ማማው መብራት፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ይፈልጋል፤ ማማውን ከማዕከሉ የሚያገናኘው መስመርም ሊበጠስ ይችላል። ይህ ሁሉ ቢተርፍ እንኳ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ ይጨናነቃል።

የአማተር ሬዲዮ ሰዎች የሚፈለጉት ያን ጊዜ ነው። ተፈትነው ከመንግሥት ፈቃድና የየራሳቸውን መጠሪያ ምልክት ያገኙ፣ ለአገልግሎታቸው ክፍያ የማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። 100 ዋት ገደማ ኃይል ያለው ሬዲዮ፣ የመኪና ባትሪና በሁለት ዛፎች መካከል የተወጠረ ሽቦ ይበቃቸዋል። አጭር ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ስለሚመለስ በመካከል ማማ አያስፈልገውም። ሽቦው ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ደግሞ ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ ይመለስና ተራራና ሸለቆ ሳያግደው በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ዙሪያ ይሰማል።

አንድ ወዳጄ «የሳተላይት ስልክ እያለ ይህ ምን ይሠራል?» ሲል ሞግቶኛል። የሳተላይት ስልክ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያገናኘው ደዋዩንና ተደዋዩን ነው። ሬዲዮውን በዚያ ሞገድ ላይ ያለ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ አንዱ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ሆኖ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ይወስናል፤ የነፍስ ጉዳይ ይቀድማል፣ ሌላው ያዳምጣል።

እኔን ያሳመነኝ የአንዳማን ደሴቶች ታሪክ ነው። ሕንድ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አማተር ሬዲዮ አልፈቀደችም ነበር። ወይዘሮ ባራቲ ፕራሳድ የሚመሩት ቡድን በስንት ደጅ ጥናት ፈቃድ አግኝቶ በታኅሣሥ 2004 (እ.ኤ.አ.) ፖርት ብሌር ገባ። የሄዱት ለትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነበር፤ ከዓለም ዙሪያ ካሉ ባልንጀሮቻቸው ጋር ሰላምታ ሊለዋወጡ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሱናሚው መጣና ስልክ ተቋረጠ። ለሰላምታ የተተከለው ጣቢያ ወዲያው የተረፉና የጠፉ ሰዎችን ወሬ ወደ ዋናው ምድር ማድረስ ያዘ። ከቡድኑም ወደ ካር ኒኮባር ደሴት ተሻግረው የሠሩ ነበሩ።

ፈቃዱ አንድ ወር ቢዘገይ ኖሮ ሬዲዮው በዚያ አይገኝም ነበር።

የዓለም ሬዲዮ ጉባኤም በ2003 (እ.ኤ.አ.) አማተሮች በአደጋ ጊዜ የሌላ ሰው መልእክት ድንበር አሻግረው እንዲያስተላልፉ በደንቡ አስፍሯል፤ አገሮችም አስቀድመው እንዲያዘጋጇቸው አበረታቷል።

በእኛም አገር «ኢቲ3ኤኤ» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የክበብ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ለዓመታት ተማሪዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሬዲዮ ሁለት ጫፍ ይፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥና ነዋሪዎች ቀያቸውን ሲለቁ ሳይ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፦ ከ5 ኪሎ ቢጠሩ፣ ከወዲያ ማን ይመልሳል?