በእገሌ በኩል

ደብዳቤ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ከፖስታው ፊት ላይ ሁለት ስም ማየት የተለመደ ነበር። የመጀመሪያው የተቀባዩ ነው፤ ሁለተኛው «በአቶ እገሌ በኩል» ተብሎ ከሥሩ ይሰፍራል። በአገራችን የፖስታ ሠራተኛ በየደጃፉ እየዞረ ደብዳቤ ማደሉ እምብዛም ያልተለመደ በመሆኑ፣ የራሱ ፖስታ ሣጥን የሌለው ሰው በባለሣጥኑ ስም ይጠለላል። ከደቻቱ ማዶ ባለችው በእኛ መጋላ ይህ ባለሣጥን ብዙውን ጊዜ ባለሱቅ ነበር። ከጅቡቲ ወይም ከጅዳ የመጣው ደብዳቤ ከስኳሩና ከሻዩ ጎን ተቀምጦ ባለቤቱን ይጠብቃል። ባለቤቱ ወደ ጅግጅጋ ተሻግሮ ከሆነም ባለሱቁ ወደዚያው ለሚሄድ መንገደኛ ያስረክበዋል።

ይህችን «በኩል» የምትል ቃል እወዳታለሁ። ስም ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግረናል፤ «በኩል» ግን ያለበትን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ይነግረናል።

ግጥም ለሚወድ ሰው የዚህ ነገር ድንቅ ምሳሌ ከእኛ ጎረቤት፣ ከሐረር ይገኛል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር የገባው ግጥሙን ትቶ፣ በአደን ለነበረው ለባርዴ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ነበር። እናቱና እኅቱ ከሰሜን ፈረንሳይ ሲጽፉለት ደብዳቤው በአደን ባለው ንግድ ቤት በኩል ያልፋል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ዘይላ፣ ከዘይላ ከግመል ቅፍለት ጋር ወደ ተራራው። ያ ሁሉ ሲቃና ብስጭት ያለበት የመልእክት ልውውጥ በነጋዴዎች መዝገብና በቡና ጆንያ መካከል የተመላለሰ ነው። ነጋዴ ለሥነ ጽሑፍ የዋለው ውለታ ተብሎ ሲወሳ ግን አልሰማሁም።

ድሬዳዋ ደግሞ ስትወለድ ጀምሮ ተለዋጭ ስም ነበራት። የምድር ባቡሩ ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣቱ ወጪው ስለከበደ ከግርጌው ቆላ ላይ ቆመ፤ የመጀመሪያው ባቡርም በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ከተማይቱም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በነዚያ ዓመታት የእኛ ከተማ ዋና ሥራ መቀበልና ማስተላለፍ ነበር፤ ከባቡር የወረደው ዕቃና ደብዳቤ በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ ሽቅብ ይጓዛል።

በዚህ ላይ አንድ የቴምብር ነገር አለ። አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች በፓሪስ አሳትመው በ1886 ዓ.ም. ቢያወጡም፣ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የአገሩ ቴምብር ተለጥፎበት ሲያበቃ፣ ባሕር ለመሻገር የፈረንሳዮቹ ቴምብር ይጨመርበታል። አስተላላፊው የራሱን ማኅተም ካላኖረበት ሌላው አያምነውም ማለት ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ኢሜይል ልጽፍ ብዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኤሪክ ኦልማን የተባለ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰው ዴሊቨርሜይል የተሰኘ ፕሮግራም ጻፈ፤ በኋላ ሰንድሜይል ሆነ። ከሰርቨሩ መዛግብት አንዱ የተለዋጭ ስሞች መዝገብ ነው። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው፦ በስተግራ አንድ ስም፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ በስተቀኝ መልእክቱ በእርግጥ የሚደርሰው ሰው ወይም ሰዎች። በስተግራ «ብድር» ብለን በስተቀኝ የሦስት ሠራተኞች ስም ብንደረድር፣ ለ«ብድር» የተጻፈው ለሦስቱም ይደርሳል። አንዱ ቢዛወር በስተቀኝ ያለው ስም ይለወጣል፤ በስተግራ ያለው አይነካም፤ ደንበኛውም ምንም አያውቅም። በኩል ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ደንብ ደግሞ በየትኛውም ሰርቨር ላይ «ፖስትማስተር» የሚል ስም እንዲኖር ያዝዛል፤ የፖስታ ቤት ኃላፊው ሹመት በኮምፒዩተር ውስጥም አልተሻረም።

አደጋም አለው። የከበደ መልእክት ወደ አለሙ፣ የአለሙ ወደ ከበደ እንዲተላለፍ ከታዘዘ፣ ያ ደብዳቤ በሁለቱ መካከል ሲንከራተት ይኖራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰርቨር ባለፈበት ላይ ምልክቱን ያሰፍራል፤ ምልክቱ ሲበዛ፣ በሰንድሜይል በተለመደው ልክ ከ25 ሲያልፍ፣ መልእክቱ ወደ ላኪው ይመለሳል።

ወደ አገራችንም ኢሜይል መጀመሪያ የገባው በዚሁ በቅብብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ የተጠቃሚዎቹን መልእክት ሰብስቦ ያቆይና ስልክ ደውሎ በለንደን በግሪንኔት በኩል ወደ ዓለም ይልክ ነበር። ግመሉ በስልክ ሽቦ ተተካ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ቴሌኮሙኒኬሽን የኢንተርኔት አገልግሎቱን የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ቴምብሯ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጭበርባሪዎች በሰው ስም መጻፍ ሲያበዙ፣ በየድርጅቱ ስም መልእክት ለመላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች እንዲታወቁ የሚያደርግ ሥርዓት ወጣ። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቅን አስተላላፊውን ጎዳው። የሌላውን ደብዳቤ አደራ ተቀብሎ ሲያሳልፍ እንደ አስመሳይ ይቆጠራልና። መፍትሔውም አስተላላፊው ሰርቨር በመልእክቱ ፖስታ ላይ ያለውን የላኪ አድራሻ በራሱ ስም እንደገና እንዲጽፈው ሆነ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሁለት ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ትዝ አለኝ።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲገድል፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆነዋል። የጎርፉን ወሬ የሰሙ ዘመዶች ከባሕር ማዶ ሆነው የሚጠይቁት ቤቱ ስለመኖሩ አልነበረም፤ ሰዎቹን የሚያውቅ ማን እንደተረፈ ነበር።

እኔ በምሠራበት ባንክ (ስሙን አልጠራም) ሠራተኛ ሲለቅ አድራሻው ለዘጠና ቀን ወደ ተተኪው ይተላለፍና ከዚያ ይሰረዛል። ሰርቨሩን የሚጠብቀውን ወጣት ለምን አይቆይም ብዬው ነበር፤ «መዝገቡ ይበዛል» አለኝ። አንድ ስም በመዝገብ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ከአንዲት መስመር አይበልጥም። ባለፈው ዓመት ከለቀቁት ባልደረቦቼ ለአንዱ ከጅዳ የተጻፈ መልእክት፣ ስሙ ከተሰረዘ በኋላ መጥቶ ተመለሰ። ላኪዋ ለብዙ ዓመት ገንዘቧን በእርሱ እጅ ስትልክ የኖረች የመጋላ ሴት ናት። ስልክ ደወለች፤ ያነሣሁትም እኔ ነበርሁ።

«ልጄ፣ ሰውየው ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

«አልሞተም እናቴ፤ ሐዋሳ ነው ያለው» ብዬ የስልክ ቁጥሩን ሰጠኋት።