ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለምን ነበር?

በክርስቲያኑ አማራ ዘንድ ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሽማግሎች የልጁን ወገን ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ምንጅላት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ፤ የልጅቷንም እንዲሁ። በመካከል የጋራ ስም ከተገኘ ወሬው እዚያው ይቀራል። ቤተ እስራኤልም ይህንኑ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረው ወደ እስራኤል ይዘውት ሄደዋል። ዛሬ ልማዱ በተነሣ ቁጥር አባቶቻችን ሳይንስ ሳይደርስበት የዘር በሽታን ምስጢር ያውቁ ነበር ይባላል። አባባሉ ደስ ያሰኛል፤ ግን ሒሳቡም ታሪኩም አይደግፉትም። ሰባት ቤት የተቆጠረው በዋነኛነት ለርስትና ለዝምድና ሰላም ነው፤ ጤናው በትርፍነት የመጣ ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር። የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞዞም አለው። ቁጥሩ በትክክል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሊቃውንቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል 48 ነው ሲሉ ነበር። ሰውነት ሲያድግ አንድ ሕዋስ ዲኤንኤውን አባዝቶ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም ሙሉ 46 ይይዛሉ። የወንዱ ዘርና የሴቷ እንቁላል ሲሠሩ ግን ክፍፍሉ ሌላ ነው፤ ጥንዶቹ ክሮሞዞሞች ቁራጭ ከተለዋወጡ በኋላ ከ23ቱ ጥንድ ከእያንዳንዱ አንዱ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ከአንድ አያት የሚመጣው ድርሻ በየትውልዱ በአማካይ በግማሽ ይቀንሳል። የአጎትና የአክስት ልጆች ከዲኤንኤያቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ። ቅድመ አያት ላይ የሚገናኙት ከ32 አንድ እጅ፣ ከዚያ አንድ ቤት የሚርቁት ከ128 አንድ እጅ ይጋራሉ። ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደረስ ድርሻው ከ8192 አንድ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ያን ያህል የሚራራቁ አብዛኞቹ ሰዎች ከዚያ አያት የወረሱት አንድም የጋራ ቁራጭ አይኖራቸውም። አደጋው ካለ ያለው ከታች፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤት ነው። ለበሽታ ሲባል ቢሆን ኖሮ አራት ቤት ከበቂ በላይ ነበር።

ሰዎች ሳይንሱን ባያውቁም በዓይናቸው አይተው ደርሰውበት ይሆናል የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን በዓይን የሚታይ ዓይነት አይደለም። የሎንዶኑ ሐኪም አርችባልድ ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሽንታቸው አየር ሲነካው የሚጠቁር ሰዎችን መርምሮ ብዙዎቹ ከአጎትና ከአክስት ልጆች ጋብቻ የተወለዱ መሆናቸውን ሲጽፍ፣ በሰው ላይ የድብቅ ባሕርይ ውርስ የታየበት የመጀመሪያው ማስረጃ ሆነ። ጋሮድ የታማሚዎቹን ቤተሰቦች አሰባስቦ ማነጻጸር ነበረበት። ከአጎትና ከአክስት ልጆች ጋብቻ በሚወለዱ ሕፃናት ላይ የሚጨምረው አደጋ ከመቶ 2 ወይም 3 ገደማ ነው፤ ሕፃናት በኩፍኝና በፈንጣጣ በሚያልቁበት ዘመን ይህን ለይቶ ማየት እጅግ ከባድ ነው፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው ቤት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ታሪኩ ወደ ሌላ ይመራል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ራሱ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ይከለክል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1215 በላተራን ጉባኤ ወደ አራት ሲያወርደው የሰጠው አንዱ ምክንያት በሰው አካል ውስጥ አራት ፈሳሾች አሉ የሚል ነበር! በእኛም ዘንድ ክልከላው ሥጋን ብቻ አይመለከትም። የክርስትና አባትና የክርስትና ልጅ አይጋቡም፤ በዲኤንኤ ግን ባዕድ ናቸው። ቦረናዎች ደግሞ ሳቦና ጎና በሚባሉት ሁለት ወገኖች መካከል እንጂ በየወገናቸው ውስጥ አይጋቡም፤ ወገኑ በአባት ብቻ ይወረሳል፤ ክሮሞዞሙ ግን ግማሹ ከእናት ነው። የአፋሩ አብሱማ እንዲያውም የአክስትን ልጅ ማግባት ያስቀድማል።

ታዲያ አማራው ሰባት ቤት ድረስ የአያቶቹን ስም እንዴት አስታወሰ? እስከ ሰባተኛው ትውልድ አንድ ሰው 254 ወላጆችና አያቶች አሉት፤ ያን ሁሉ የሚያስታውስ የለም። የሚታወሱት ጥቅም ያላቸው ሐረጎች ነበሩ፤ ጥቅሙም መሬት ነበር። በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት በአባትም ሆነ በእናት በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ከመሬቱ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ዘር የሚያስቆጥሩት ሽማግሎች ለሙግት የሚፈለጉት ምስክሮችም ነበሩ። የቅርብ ዘመዳሞች ቢጋቡ ልጃቸው በአባቱም በእናቱም ያንኑ ርስት ይጠይቃል፤ ሩቅ የተጋቡት ልጅ ግን በሁለት በኩል አዲስ መብት ያገኛል። በዲኤንኤም በኩል እንዲሁ ነው፤ የዘመዳሞች ልጅ የሚታመመው ያንኑ የተበላሸ ቅጂ ከሁለቱም ወገን ሲወርስ ነው። ሁለቱ ሒሳቦች በአንድ መንገድ ሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን አላወቀውም።

ከሁሉ የሚከብደው መቃወሚያ ይህ ነው፦ በአንድ ደብር ዙሪያ ለዘመናት የኖረ ሕዝብ በአንድ ሐረግ ሳይሆን በአሥር ሐረግ ይዛመዳል፤ ቀጫጭኖቹ ድርሻዎች ሲደመሩ ሊከብዱ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ሰባት ቤት መቁጠርም ሙሽራን ከተራራው ማዶ ስለሚያስመጣ ያን ክምችት ይበትናል። ይህ ግን የልማዱ ውጤት እንጂ የልማዱ ምክንያት አይደለም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ያን ሁሉ ስም በቃል መያዝን ግድ ያደርግ የነበረው ሙግት ቀረ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጎን ዝምድና የከለከለው ከእኅትና ከወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት ጋር መጋባትን ብቻ ነው፤ የአጎትና የአክስት ልጆችን አይከለክልም፤ ከባሕልም ሆነ ከጤና አንጻር ሲታይ የላላ ነው። ርስት የሌለው ከተሜ ሦስት ወይም አራት ቤት ቆጥሮ ስሙ ቢጠፋበት፣ በዲኤንኤው በኩል ብዙም የሚጎድልበት የለም።