ካዝናው ውስጥ ያለችው እንጨት

ቴክሳስ ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአያቱን ጠመንጃ ፈታትቶ እየወለወለ ነበር። ከአፈሙዙ ሥር ካለው የጥይት ካዝና የጣት ውፍረት ያላት እንጨት መዝዞ ሲያወጣ፣ ቀልቤን የሳበችው እሷ ነበረች።

ጠመንጃው ዊንቼስተር ሞዴል 12 ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ገበያ ላይ የወጣ፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ የሚበትን ዓይነት። እኛ አገር ምንሽርና ውጅግራ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እንደሚተላለፈው ሁሉ እሱም በቤተሰቡ የተከበረ ነው። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን ይዘውት ዋኖስ ለማደን ይወጣሉ።

«እንጨቷ ምን ትሠራለች?» አልኩት።

«ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ነው፤ ሕግ ነው» አለኝና ወደ ውልወላው ተመለሰ።

እኔ ግን ነገሩ አልወጣልህ አለኝ። በእኛ ሙያ ሲስተም ላይ ገደብ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነው። እዚህስ ምን ጠፍቶ ነው?

የጠፋችው ተጓዥ ርግብ የምትባል ወፍ ናት። በሰሜን አሜሪካ ቁጥሯ ከ3 እስከ 5 ቢሊዮን ይደርስ እንደነበር ይገመታል። መንጋው ሲያልፍ ሰማዩ ይጨልም ነበር። ሰው ከጥንትም ያድናት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሁለት አዳዲስ ነገሮች መጡ። ቴሌግራፍ መንጋው የት እንዳረፈ ወዲያው ያሳውቃል፤ ባቡር ደግሞ አዳኞቹን አምጥቶ ሥጋውን በበርሜል ወደ ከተማ ይወስዳል። ወፏ የትም ብትበር ወሬው ቀድሟት ይደርሳል። በዚያ ላይ ደኑ ይመነጠር ነበር፣ እሷም በአንድ ወቅት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። በ1878 ሚሺጋን ውስጥ ፔቶስኪ አካባቢ ያረፈው ግዙፍ መንጋ በጅምላ ተጨፈጨፈ። የመጨረሻዋ፣ ማርታ የተባለችው፣ በ1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። ቀኑ ሴፕቴምበር 1 ነበር።

ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1916 አሜሪካ ከብሪታንያ ጋር ስለ ካናዳ ተዋውላ ከማርች 10 እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ ተጓዥ ወፎችን ማደን ተከለከለ፤ በ1918 ውሉ የአገር ሕግ ሆነ። የሦስት ጥይት ገደቡ በ1935 ተጨመረ። በ1937 ደግሞ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ።

እንግዲህ የዋኖስ አደን የሚከፈተው ማርታ በሞተችበት ቀን ነው። ማንም አስቦበት አይደለም፤ ግጥምጥሞሽ ነው። ባልደረባዬም አያውቅም ነበር። ስነግረው እንጨቷን አገላብጦ አያትና ዝም አለ።

እኔም ወደ ራሳችን ቤት አሰብኩ። ዝሆንና አንበሳ ገድለው ስለተሸለሙ አባቶች ስንሰማ አድገናል። ጠመንጃውም ፉከራውም ደርሶናል፤ ዝሆኖቹ ግን ዛሬ በጥቂት ቦታዎች ተወስነው ቀርተዋል። ከጠመንጃው ጋር «እዚህ ላይ ይበቃል» የሚል ነገር ተሰጥቶን ይሆን? ወይስ ተሰጥቶን እኛ አውጥተን ጣልነው?

ባልደረባዬ ጠመንጃውን ገጥሞ ሲጨርስ፣ እንጨቷን ወደ ቦታዋ መልሷት ነበር።